ሮኬቱ የጣለውን ለማንሳት

ኋይትስቶን ወደብ፣ ሃድሰን ቤይ
ማርች 12፣ 1959

ለውድ ባለቤቴ ለሳይለስ ኒፒን፣

እንዴት ሰነበትክ? ሳሉስ እንዴት አደረገህ? እናትህም፣ ሉዊዛም፣ እኔም በጤና አለን። ደብዳቤህ በማክሰኞው ባቡር መጥቶ እጄ የገባው ረቡዕ ማለዳ፣ በሮኬት ጣቢያው ወጥ ቤት ለአርባ ሰው ቁርስ ስጠብስ ነው። ሹፌሩ በመስኮት አቀበለኝ። እጄ ቅባት በቅባት ስለነበር ፖስታውን በጥርሴ ይዤ ቀደድኩት።

ጥያቄህን ልመልስ። ከሥራ አልወጣሁም። ሉዊዛ ሁለት ጥርስ ነቅላለች፤ አንዱን ለአባቴ እዚህ ወረቀት ውስጥ ካላሸግሁለት ብላ አልቅሳ ነበር። አዎ፣ ያንተን ሥራ ወንድምህ አብነር ይዞታል። እኔ አልገፋፋሁትም። አንተን በኦክቶበር ወደ ሆስፒታል ከወሰዱህ በኋላ አለቃው ሚስተር ሃልቨርሰን ሰው አጥቶ በሄሊኮፕተር ሲንከራተት ከረመ፤ እሷ ደግሞ ከምትበርበት ቀን የምትቆምበት ይበልጣል። በመጨረሻ ቤት ድረስ መጣና፣ ውሾቹም የበረዶ ጋሪውም አሉ፣ የጠፋው በረዶውን የሚያውቅ ሰው ነው አለ። አብነር ከጥግ ሆኖ፣ «እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» አለ። እናትህ ቀና ብላ አይታው፣ «አንተ የምታውቀው በረዶ ለሻይ የምናቀልጠውን ነው» አለችው። ሃልቨርሰን ቋንቋችንን ባይሰማም አብሯቸው ሳቀ።

አብነር እስካሁን ሦስት ጊዜ ወጥቷል። ሦስቱንም ጊዜ የሮኬቱን ጭንቅላት ከነብርቱካንማው ፓራሹቱ ጭኖ ሲመለስ፣ እነዚያ መነጽራም ተመራማሪዎች ምሳቸውን ጥለው ሮጡ። ውስጡ ያለችውን መሣሪያ እንደ ሕፃን ታቅፈው ሲገቡ ብታይ ትስቅ ነበር። እናትህ ግን ያው ናት። የሰሜኑ ብርሃን ሙታኖቻችን የሚጨፍሩበት ነው፣ ሰው ወደ ሰርግ ቤት አይተኩስም ትላለች።

ስለ በረዶው የጻፍከውን ለአብነር አነበብኩለት። እዚያው ወጥ ቤት ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነበር። ከነጩ ድንጋይ በስተምሥራቅ የሚዞረውን መንገድ በዱቄቱ ጠረጴዛ ላይ በጣቱ ሠራውና፣ «ወንድሜ አልጋ ላይ ተኝቶም ጆሮዬን ይዞኛል» አለ። ደስ ብሎታል።

የሚቀጥለው ሮኬት ለ20 ተቀጥሯል፣ ነፋሱ ከተዋቸው። ብላ። የሚሰጡህን ወተት ለሌላ ሰው አትስጥ፤ እንደምትሰጥ አውቃለሁ።

ጀማይማ


ፓይን ሌክ የሳንባ ሆስፒታል
ማርች 22

ለጀማይማ፣

የናንተን ደህንነት ሰምቼ አልጋዬ ሰፋኝ። ነርሷ ደብዳቤሽን አገላብጣ አይታ፣ ይህን የወፍ ዱካ እንዴት አድርገህ ነው የምታነበው አለችኝ። በሕዝባችን ፊደል መጻፋችን በጀን። የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ እነሱ ቀድመው ያነቡታል።

ከደብዳቤሽ አስከትለሽ በላክሻት ካርድ ላይ ለጠየቅሽኝ፣ ጽሑፌ የተጣመመው በጀርባዬ ተንጋልዬ ስለምጽፍ ነው፣ ሌላ ነገር አይምሰልሽ። ሐኪሙ የደረቴን ፎቶ ገና እያየሁት ነው ይላል። ወተቱን እጠጣለሁ።

ጎኔ ያለው አልጋ ላይ ዊልያም ፍሌት የሚባል የሐይቅ አገር ሽማግሌ ተኝቷል። ስለ ሮኬቱ ብነግረው አላምን አለ። «እናንተ አገር ዓሣው ሲያልቅ ሰማይ ላይ መተኮስ ጀመራችሁ?» ይለኛል። ቀዩ ባንዲራ ሲሰቀል መንገዱ እንደሚዘጋ፣ ውሾች ከጡሩምባው ቀድመው እንደሚያላዝኑ፣ ምድሩ ከእግር በታች እንደሚንቀጠቀጥ ነገርኩት። ሰው ሁሉ ሽቅብ ሲያይ እኔ ብቻ በረዶውን ቁልቁል አይ እንደነበር፣ ደመወዜም ለዚያ እንደሆነ ነገርኩት። ይኼኔ፣ «ታዲያ ወርዶ ራስህ ላይ ቢያርፍስ?» አለ። ሳቅ ስለሚያመኝ ትራሱን ደረቴ ላይ አቅፌ ሳቅሁ።

አንድ ነገር ግን አልመለስሽልኝም። የነፋሱን ነገር ስታነቢለት አብነር ምን አለ? ያ ልጅ ነፋስ ላይ ችኩል ነው፤ «አውቃለሁ» ይላል። አውቃለሁ ካለ አያውቅም ማለት ነው። ደግሜ እንድታነቢለት እፈልጋለሁ።

የሉዊዛን ጥርስ ላኪው። ለዊልያም የሮኬት ጥርስ ነው ብዬ አሳየዋለሁ።

ሳይለስ


ኋይትስቶን ወደብ
ኤፕሪል 6

ለሳይለስ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። አመዳዩ ሐዲዱን ቀብሮት ባቡሩ ሳምንት ሙሉ አልመጣም። ሉዊዛም ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነበር። አሁን ድናለች።

ነፋሱን ለጠየቅከኝ፣ አብነር ሰምቷል። አሁን እዚህ የለም። ወደ አውል ወንዝ ወጥመድ ሊያይ ከሰው ጋር ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ አልነገረንም። ስለዚህ ካልጻፈልህ አይክፋህ። እናትህ ደህና ናት፣ ብዙ አታወራም እንጂ። እኔ የወጥ ቤቱን ሥራ ትቻለሁ፤ ሳሙናው እጄን አቆሰለው። ውሾቹም አምስቱም ደህና ናቸው፣ ዓሣ አልቸገራቸውም።

ሌላ የምጽፈው የለም። ሐኪሙ እንዳትደነግጥና ብዙ እንዳታስብ ብሏል አይደል? አታስብ። ጥርሱን ልኬልሃለሁ።

ጀማይማ


ፓይን ሌክ
ኤፕሪል 17

ለጀማይማ፣

ጥርሱ ደርሷል። ዊልያም አላመነም።

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። አጭር ስለሆነ አያደክምም። የእጅሽን ቁስል ምን ቀባሽው? እናትሽ አሥራ ሁለት ልጅ በዚያ ሳሙና አጥባ ስታሳድግ እጇ ሲቆስል አላየሁም። ዝም ብዬ ነው የምጠይቅሽ።

ውሾቹ አምስቱም ደህና ናቸው ብለሻል። እኔ ትቼልሽ የመጣሁት ሰባት ውሻ ነው። ደግሞስ አብነር በአውል ወንዝ ወጥመድ የሚያይ ከሆነ ውሾቹ ምን ይሠራሉ ቤት? በእግሩ ሄደ እንዴ? አብሮት የሄደውን ሰው ስም አልጻፍሽውም። የ20ው ሮኬት ተተኮሰ አልተተኮሰም እሱንም አልጻፍሽም።

ሐኪሙ መደንገጥ ደም ያስተፋሃል ብሎኛል፣ እውነትሽን ነው። አልደነገጥኩም፤ ጠየቅሁ እንጂ። አብነር ሲመለስ በገዛ እጁ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። አንድ መስመር ከበቂ በላይ ነው። «አለሁ» ይበለኝ።

ሳይለስ


ኋይትስቶን ወደብ
ኤፕሪል 30

ለውድ ወንድሜ ለሳይለስ፣

እስካሁን ሳልጽፍልህ በመቅረቴ አትቀየመኝ። አለሁ። ከአውል ወንዝ የተመለስኩት በቅርቡ ነው። በእግር የሄድኩት ሰዎቹ የራሳቸው ውሾች ስላሏቸው ነው። ሁለቱን ውሾችህን ለሚስተር ሃልቨርሰን ሰዎች አውሻቸዋለሁ፤ ይመልሷቸዋል። ነፋሱን በተመለከተ ምክርህን ሰምቻለሁ፣ አመሰግናለሁ። የ20ው ሮኬት በደህና ተተኩሷል። እጄን ብርድ ስለነካው ረጅም አድርጌ መጻፍ አልቻልኩም። እማማ ሰላም ብላሃለች። በቶሎ እንዲሻልህ እመኛለሁ።

ታናሽህ አብነር


ፓይን ሌክ
ሜይ 12

ለወንድሜ ለአብነር፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አጻጻፍህ አምሮበታል። ከሕፃንነትህ ጀምሮ ከፊደል ላይ ነጥብ የምትጥለው አንተ፣ ዛሬ አንድም ነጥብ አልጣልክም። «አመሰግናለሁ» ብለህ ጽፈህልኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ስንተዋወቅ አንዲት ቀን አመስግነኸኝ አታውቅም፤ ምስጋናህ ሁሉ በጥፊ ነበር።

ይህን ደብዳቤ የሚከፍተው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ይክፈተው። አንተ ወዳለህበት ወስዶ ያንብብልህ፤ ሩቅ አይመስለኝም።

አባታችን ሲሞት አንተ ስድስት ዓመትህ ነበር፣ እኔ አሥራ ሰባት። እናታችን ያን ክረምት አንተን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ «ይኼ ያንተ ነው» አለችኝ። በረዶ ላይ መጀመሪያ ያቆምኩህ እኔ ነኝ። በበትር እየመታህ ድምፁን እንድትሰማ፣ ጥቁሩን ከግራጫው እንድትለይ አስተማርኩህ። አንተ ግን ድምፁን ትቼ ዜማውን ሰማሁ ብለህ ትዘፍን ነበር። አንዴ ወድቀህ እስከ ወገብህ ገብተህ ሳወጣህ፣ ስታለቅስ ዝም በል ብልህ፣ «አላለቀስኩም፣ ባሕሩ ነው ፊቴ ላይ ያለው» አልከኝ።

ለጀማይማ ያልነገርኳትን ለአንተ ልንገርህ። በማርች መጀመሪያ ሰባት የጎን አጥንቴን አውጥተው ግማሽ ሳንባዬን ቆረጡት። ጽሑፌ የተጣመመው ለዚህ ነው። ቀኝ ትከሻዬ ወርዷል፤ መስታወት ፊት ስቆም አንድ ሰው እየገፋኝ ያለ ይመስለኛል። ከእንግዲህ ከውሾች ኋላ አልሮጥም። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ግድ የለም፣ አብነር አለ የሚል ነበር። እሷም ነገር ደብቃ እኔም ነገር ደብቄ ከረምን። ለሳንባዬ ብላ ነው። እንዳትቆጣት፣ እኔም አልተቆጣሁም።

አሁን አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ፤ ከእሱ በቀር ምንም አልጠይቅህም። በእኔ መንገድ ነው የሄድከው? ከነጩ ድንጋይ በስተምሥራቅ? እኔ ከአልጋ ላይ ሆኜ እጄን ዘርግቼ ያሳየሁህ መንገድ ከሆነ የወሰደህ፣ ይነገረኝ። ያን ሳላውቅ እዚህ ጣራ ላይ ያለውን ስንጥቅ እየቆጠርኩ መኖር አልችልም። አንተ ልትመልስልኝ ካልቻልክ፣ ይህን የሚያነብልህ ሰው ቁርጡን ይንገረኝ።

ወንድምህ ሳይለስ


ኋይትስቶን ወደብ
ሜይ 26

ለባለቤቴ ለሳይለስ፣

ወስጄ አነበብኩለት። ከአባታችሁ ጎን ነው ያለው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ። መሬቱ ገና አልለሰለሰም፤ እሳት አንድደን ነው የቆፈርነው። ካነበብኩለት በኋላ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ፤ ሲመሽብኝ እቤት መጥቼ ጨረስኩት።

ጎንህን እንደቆረጡህ አለማወቄ አንጀቴን በልቶታል። እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። አሁን የጠየቅከውን ልመልስ።

በማርች 16 ሌሊት ደቡብ ነፋስ ተነሳ። 17፣ 18 እና 19ን ነፈሰ። መነጽራሞቹ ነፋስ ካለ ሮኬቱ ስለሚያጋድልባቸው ቁጭ ብለው ካርታ ይጫወቱ ነበር። 20 ማለዳ ጸጥ አለ። ጭስ ከጭስ ማውጫው ቀጥ ብሎ ወጣ። ሃልቨርሰን ወጥ ቤት ገብቶ እጁን እያፋተገ፣ እንደዚህ ያለ ቀን ከአምላክ ነው አለ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተኮሱት። ጭንቅላቱ ከባሕሩ በረዶ ላይ ዘጠኝ ማይል ርቆ ወረደ፤ ብርቱካንማው ጨርቅ ከማማው ላይ በመነጽር ይታይ ነበር። ሄሊኮፕተሯ ቆማለች። አብነር ሰባቱንም ውሾች አስሮ፣ ወጥ ቤት ገብቶ ባኖክ ቂጣ በኪሱ ሞላና ወጣ። ለምሳ እደርሳለሁ አለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አምስት ውሾች ያለ ጋሪ መጡ። ማሰሪያቸው በቢላዋ ተቆርጧል። እነሱን ለመልቀቅ ጊዜ ነበረው ማለት ነው። ኤፕሪል 2 ማዕበሉ ወደ ዳር መለሰው፤ ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡ ሁለት ሰዎች አገኙት። ፊቱ ምንም አልሆነም።

በአንተ መንገድ ነው የሄደው። ሳይለስ፣ መንገዱ ልክ ነበር። ሰዎቹ ኋላ ሄደው አይተውታል፤ ከነጩ ድንጋይ በስተምሥራቅ ያለው በረዶ አሁንም ቆሟል። ልክ ያልነበረው ቀኑ ነው። ከድንጋዩ ወዲያ ያለውን በረዶ ነፋሱ ነጥሎት፣ ጸጥታው ደግሞ መልሶ አስጠግቶት፣ ስንጥቁን ስስ በረዶ ሸፍኖት ነበር። ቀኑን ደግሞ አንተ ነግረኸው ነበር። ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

ደብዳቤህ ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛውን አነበብኩለት፣ መንገዱ ያለበትን። ሁለተኛው የሚጀምረው ለእኔ በጻፍከው ነው። ምን እንደጻፍክ ታውቃለህ። ፊቴ ቀላ። ምጣዱ ላይ እንቁላል እያረረ ነው፣ አብነር ቆሞ ያየኛል። «ሌላ ነገር አለ?» አለኝ። «ሌላው ለእኔ ነው» አልኩት። ሳቀና፣ «እንግዲያው አትደብቂው፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው» አለኝ። ወረቀቱን መሐረቤ ውስጥ ጠቅልዬ ሽርጤ ኪስ ከተትኩት። ሲመሽ አነበብኩት፣ ለእኔ የጻፍከውን። እሱን ሁለት ጊዜ አንብቤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ከሥር ስለ ነፋሱ የጻፍከውን፣ ደቡብ ነፋስ ሦስት ቀን ነፍሶ በአራተኛው ጸጥ ካለ ያን ቀን አትውጣ፣ እነሱ የሚወዱት ያን ቀን ነው የሚለውን፣ ሌላ ጊዜ እነግረዋለሁ ብዬ አለፍኩት። ስምንት ቀን ነበረኝ። በየቀኑ ቁርስ አቀርብለት ነበር።

ሐኪሙ እንዳትደነግጥ ማዘዙ እውነት ነው። ግን ለሳንባህ ብዬ ብቻ አልነበረም የደበቅኩህ። አንተ «አልተቆጣሁም» ብለህ ስትጽፍ ያን ስላላወቅክ ነው። የአብነርን ስም ጽፌ ስፈርም እጄ የኔ አልመሰለኝም።

ሃልቨርሰን ከቀብሩ በኋላ ባርኔጣውን ይዞ መጣ። እናትህ አስቀመጠችው፣ ሻይ ቀዳችለት። እኔ አስተረጎምኩ።

«የላካችሁበትን አገኛችሁት?» አለችው።

«አዎ እናቴ። ሄሊኮፕተሯ በማግስቱ አነሳችው። ደህና ነው።»

«ከሰማይ ምን ይዞ መጣ?»

«ቁጥር ነው» አላት። «ሌላ ነገር የለውም። ቁጥር ነው።»

«ንገሪው» አለችኝ፣ «እኔም ቁጥር ነበረኝ። ሁለት ልጆች ነበሩኝ በይው።»

ሻዩን ጨርሶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሮኬት ተኩሰዋል፤ የሁለቱም ጭንቅላት ባሕሩ ውስጥ ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝቶኝ አንተ መቼ እንደምትመለስ ጠየቀኝ። ሰውዬው ሲመጣ ሰውዬውን ጠይቁት አልኩት።

ለእናትህ የወረቀቱን ነገር አልነገርኳትም። ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ጀማይማ


ፓይን ሌክ
ጁን 20

ለጀማይማ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሃያ ቀን ሊሞላው ነው። ዝምታዬን እንዳሻሽ ተርጉመሽው ይሆናል፤ አልፈርድብሽም።

አንብቤ አጣጥፌ ፍራሼ ሥር አደረግሁት። ዊልያም ምን ጽፋልህ ነው አለኝ። ወንድሜ ሞተ አልኩት። ያ ተረበኛ ሽማግሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በቀስታ መዝሙር ጀመረ። እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ከዚያ አንቺ እንደፈራሽው ደም ተፋሁ፣ ሁለት ቀን። ነርሷ ሮጣ ሐኪም ጠራች። በሦስተኛው ቀን ቆመ። ሞት አይደለም፤ አንቺ ያሰብሽውን ያህልም አልከበደም። የከበደው ኋላ የመጣው ነው።

አልዋሽሽም። ለብዙ ቀን ስምሽን መጥራት አስጠላኝ። ስምንት ቀን፣ እላለሁ። በየቀኑ ቁርስ፣ እላለሁ። እንደዚያ እያልኩ ምግብ ይዘው ሲመጡ ሳህኑን ወደ ግድግዳው እገፋዋለሁ። ከዚያ ደግሞ ነገሩ ይዞርብኛል። የሰው ሕይወት ያለበትን ነገር ከሥር ጽፌ፣ የራሴን ናፍቆት ከላይ ያስቀደምኩ እኔ ነኝ። ያን ሳስብ አንቺን ትቼ ራሴን እይዛለሁ። ራሴን ስይዝ ይደክመኛል፣ ተመልሼ አንቺን እይዛለሁ። እንደዚህ ነው የከረምኩት።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍልሽም። ያልሆነውን ነገር መጻፍ ምን እንደሚያመጣ ሁለታችንም አይተናል። ሲሆን፣ ከሆነ፣ ፊትሽን እያየሁ እነግርሻለሁ።

ሐኪሙ ለቆኛል። በጁላይ 9፣ በሐሙሱ ባቡር እመጣለሁ። ብቻሽን ነይ። ሉዊዛን ቤት ተያት፤ ትከሻዬን ድንገት አይታ እንዳትፈራ መጀመሪያ አንቺ ንገሪያት።

ሃልቨርሰን በነርሷ በኩል የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ልኮልኝ ነበር፤ አዝኗል፣ ሥራዬ እንደሚጠብቀኝም ጽፏል። እሷኑ አስጽፌ መለስኩለት። ከእንግዲህ በረዶ ላይ መውጣት አልችልም፣ ግን በሚተኮስበት ቀን ማለዳ ዳር ቆሜ አያለሁ፣ እኔ ዛሬ አይወጣም ካልኩ ማንም አይወጣም፣ ቁጥሩ ይስመጥ አልኩት። ይህን ከተቀበለ እሠራለሁ። ካልተቀበለም እዚያ ቆሜ የሚወጣውን ሰው በስሙ እጠራዋለሁ፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀድሞኝ ይድረስ። ለእናቴ ንገሪያት። እኔ እንደዚህ ያለ ነገር ደብቄ ከእሷ ጋር አንድ ገበታ መቅረብ አልችልም፣ አንቺም አትችይም። ከኔ አፍ ከምትሰማው ካንቺ ትስማው።

ሳይለስ


ኋይትስቶን ወደብ
ጁላይ 2

ለሳይለስ፣

ነገርኳት። ትናንት ከሰዓት ውጭ ተቀምጣ የዝይ ላባ ስትነቅል አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት። እጇ አልቆመም። ስጨርስ፣ «ወረቀቱ አለሽ?» አለችኝ። አለኝ አልኳት። «አምጪና አንብቢልኝ» አለች። ከየት ልጀምር ብላት፣ «ከላይ» አለችኝ።

ለእኔ የጻፍከውን ሁሉ ለእናትህ አነበብኩላት፤ እንዴት እንደሆንኩ አትጠይቀኝ። ከዚያ ነፋሱን አነበብኩላት። እሱ ላይ ስደርስ ዝይዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት። እንድደግመው ጠየቀችኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ከእኔ ጋር አለችው፤ ቃሉን ይዛዋለች።

አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። «ልጄ ጥሩ አድርጎ ነበር የጻፈው» አለች። ከዚያ፣ «ከዚህ ቤት አልወጣም። አንቺም አትወጪም። ሕፃን አለሽ፣ ባልሽ እየመጣ ነው። ግን ለጊዜው ምግቤን ራሴ እሠራለሁ» አለችኝ። ዝይዋን ይዛ ገባች። ማታ ምድጃው ላይ ሁለት ድስት ነበር። ሉዊዛ ለምን ሁለት ሆነ ብላ ጠየቀች። አያትሽ የራሷን ትወዳለች አልኳት። ዛሬም ሁለት ነው።

ሃልቨርሰን መልስህን ተቀብሏል። ትናንት ጠዋት ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ባንዲራው ያለ ሳይለስ ቃል አይሰቀልም ብሏል። እንደሚያደርገው እናያለን።

ለሉዊዛ ስለ ትከሻህ ነግሬያታለሁ። አንድ ጎኗን ዝቅ አድርጋ ቤቱን ዞራ፣ «እንደዚህ?» አለችኝ። እንደዚያ ነው አልኳት።

ሐሙስ ብቻዬን እመጣለሁ። የምትለኝን ሁሉ ይዘህ ና፤ መንገድ ላይ አታለዝበው። ባቡሩ ሲቆም ግን ቶሎ እንዳትወርድ። ደረጃው ከፍ ያለ ነው፣ ጎንህም አዲስ ነው። እኔ እስክደርስ ድረስ በሩ ላይ ጠብቀኝ።

ጀማይማ